ለውሻ የሰጠሁት ምስጋና

እግሬን ላሳይ ሄጄ ሆዴን አሳይቼ ተመለስኩ!

አትሳቁ። ገና አልጀመርኩም።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቃችሁ። ከአምስት ሳምንት በፊት በፋሻ የተጠቀለለ እግሬን ፎቶ እዚሁ ለጥፌ ነበር። "ጀግናችን!" ያላችሁኝ አላችሁ። አንዷማ የሚያለቅስ ኢሞጂ ደርድራ "እንዳንተ ዓይነት ሰው ነው አገር የሚያቆመው" ብላ ጽፋልኛለች።

እኔም "ሰው ለሰው ነው" ብዬ መለስኩላት።

ሰው ለሰው ነው! አሁን ሳነበው ጥርሴን ያመኛል።

ያቺን መልስ ዛሬ አጥፍቻታለሁ። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

እትዬ ዘነበች ጎረቤቴ ናቸው። በልጅነታቸው ከቦንጋ መጥተው ኮልፌ ላይ የኖሩ፣ ከዋናው አስፋልት ማዶ ቅቤና ኮረሪማ የሚሸጡባት አንዲት ሱቅ ያለቻቸው፣ ድምፃቸው ከሱቃቸው የሚሰፋ ሴት ናቸው።

እኔን ታውቁኛላችሁ። ቀን ቀን ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ቆሜ ወረቀት እቆርጣለሁ። በተረፈኝ ሰዓት ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። "ያስታውቃል" ይላሉ ጓደኞቼ።

ያን ዕለት ጠዋት መንገድ ዳር ዳሩን እየሄድኩ በስልኬ አንድ ስንኝ እጽፍ ነበር። ስንኙ "እርምጃዬ ሁሉ ወዳንቺ ያደርሰኛል" ይላል።

እርምጃዬ ቦይ ውስጥ አደረሰኝ።

ክዳኑ የተነሳ ቦይ ነው። ከሩቅ የሚታይ፣ ሕፃን ዘሎት የሚያልፈው፣ ሰካራም እንኳን አውቆ የሚዞረው ቦይ። ቀኝ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። የሲሚንቶው ጠርዝ ቅልጥሜን ሰነጠቀው። ባቴ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር እንደ አሮጌ አንሶላ ቷ ብሎ ሲቀደድ ተሰማኝ።

ስወድቅ እጄን አወናጨፍኩ። ክርኔ ከኋላዬ ይመጡ የነበሩትን እትዬ ዘነበችን ትከሻቸው ላይ አገኛቸው። እሳቸውም ከነዘንቢላቸው እግረኛ መንገዱ ላይ ዘፍ አሉ።

በዚያችው ቅጽበት አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ ሽው ብሎ አለፈ።

በማዶ! በዚያኛው በኩል! ከእኛ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም።

እትዬ ዘነበች ግን ቀና ሲሉ ያዩት ሦስት ነገር ነው። እየራቀ የሚሄድ ባጃጅ፣ መሬት ላይ የተቀመጡ ራሳቸው፣ ደም በደም የሆንኩ እኔ። ሦስቱን አገጣጠሙት። እንደዚያ አድርጎ መግጠም እኔም አልችልበትም።

"ገፍትሮ አዳነኝ! ይሄ ልጅ እኔን አትርፎ እሱ ገባልኝ!" ብለው ጮኹ።

ሰው ተሰበሰበ። እትዬ ዘነበች እጄን ይዘው ሳሙኝ። "ምን ብዬ ላመስግንህ፣ ናቲዬ?" አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ?

"ምንም አይደል፣ እትዬ።"

በቃ፣ ወንጀሌ ይቺው ናት። ሲያመሰግኑን "ምንም አይደል" ማለት ከአፍ መፍቻችን ጋር የመጣ ነው፤ አፋችን እኛን ሳያስፈቅድ ይለዋል። እኔም ቦይ ውስጥ ቆሜ፣ ደሜ እየፈሰሰ፣ በትህትና አልኩት። ትህትናዬም ፊርማ ሆነብኝ።

አልዋሸሁም እኮ! ዝም ነው ያልኩት።

(ይህቺን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኳት አትጠይቁኝ።)

ቤቴል ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ቁስሉ ተሰፋ። የባትህ ጡንቻ ተቀዷል ተባልኩ። ክራንች ተሰጠኝና "እግርህን አትጫነው፣ በአምስት ሳምንት ገደማ ትረግጣለህ" ተባልኩ። የማተሚያ ቤቱ አለቃዬም "እስከሚመጣው ወር መጨረሻ ቦታህን እይዝልሃለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን አልችልም" አለኝ።

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። እግሬ ካልዳነ ሥራዬ የለም። የወረቀት መቁረጫ ማሽን ፊት በአንድ እግር አይቆምም።

ከዚያ ምግቡ ጀመረ።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ናቸው። ክዳን ባለው ሳህን ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ። በሌላኛው እጃቸው አንድ ጆግ እርጎ።

"ብላ ናቲዬ፣ ሥጋህ ይሙላ። ሕይወቴን ለመለሰልኝ ልጅ እርጎ ምን አላት?"

በሦስተኛውም ቀን መጡ። በአሥረኛውም። በሃያኛውም።

እኔ ደግሞ ገና አንድ ጉርሻ ስውጥ "ሕይወቴን ለመለሰልኝ" የሚለው ቃል አብሮ ይወርድና ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ሁለተኛው ጉርሻ እጄ ላይ ይቀራል።

ልመልሰው? የትልቅ ሰው ሳህን እንደሞላ አይመለስም። ልጣለው? ምግብ መጣል ነውር ነው።

ስለዚህ...

(እዚህ ጋ ፍረዱኝ።)

ለቡቺ ሰጠሁት።

ቡቺ የአከራዬ ውሻ ነው። እኔ በወደቅኩበት ሳምንት እሱም የኋላ እግሩን የብረት በር ይዞት ያነክስ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት አንካሶች ነበርን። አንደኛው አንካሳ ደረቅ ዳቦ በሻይ ይበላል። ሌላኛው ቆጮ በአይብ፣ ከላይ እርጎ።

በሦስተኛው ሳምንት ቡቺ ድመት ማባረር ጀመረ።

እኔ ሽንት ቤት ለመድረስ ዕቅድ አወጣለሁ።

ሆዴ እንደ ኳስ ተነፋ። ያኔ ለቁስሉ ታዞልኝ የጨረስኩት ፀረ ባክቴሪያ ካፕሱል ትዝ አለኝ። "ቁስል ያደረቀ ሆድ ያቅተዋል?" አልኩና ከአንድ ፋርማሲ ደግሜ ገዛሁ። ሳይሻለኝ ሲቀር ሠለስኩ። በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ የሚኖር አንድ ሐኪም አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ያለቀ እንዳይመስላችሁ፣ ሌላም አለ።

እትዬ ዘነበች ከዚያ ቀን ወዲህ አስፋልት ብቻቸውን መሻገር አቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን የተሻገሩት መንገድ! ዳር ላይ ይደርሱና ይቆማሉ። ባጃጅ ሲያዩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሱቃቸው ደግሞ ማዶ ነው።

ማን ያሻግራቸው?

ያዳናቸው ልጅ ነዋ!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ "ናቲዬ፣ አሻግረኝ" ይላሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መልስ። በአንደኛው ብብቴ ክራንች፣ በሌላኛው ክንዴ እትዬ ዘነበች። እግርህን አትጫነው የተባልኩት ሰውዬ! ሾፌሮች ቆመው ያሳልፉናል። ለማንኛችን እንደሚያዝኑ ግራ ገብቷቸው ያዩናል።

አምስት ሳምንት እንዲህ ሆነን ከረምን።

ዛሬ የቀጠሮዬ ቀን ነበር። "ብቻህን አትሄዳትም" አሉ እትዬ ዘነበች። ከአየር ጤና ታክሲ ይዘን ቤቴል ወረድን።

እግሬን የምታሠራው ባለሙያ ፌቨን ትባላለች። የኔ እኩያ ናት። ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይላታል፤ "አይደለሁም" ማለቱ ደክሟት ትታዋለች። ፋሻውን ፈታች። ባቴን ጫን ጫን አደረገች። አንድ ጊዜ ቁስሉን፣ አንድ ጊዜ ካርዴን አየች።

ፊቷ አላማረኝም።

"ይሄኛው ጥግ እስካሁን መድረቅ ነበረበት። ጡንቻውም ከጠበቅኩት ወደ ኋላ ቀርቷል" አለች። "እንዲህ ከቀጠለ ወደ ስፔሻሊስት እጽፍልሃለሁ። በዚህ ወር ሥራ መግባቱን ግን እርሳው።"

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

"ሆድህስ እንዴት ነው?" አለችኝ።

ሆዴ?

"ይቅርታ ዶክተር፣ የመጣሁት ለእግሬ ነው።"

"አውቃለሁ። ሆድህስ?"

"ትንሽ ይነፋኛል።"

"እንቅልፍስ?"

"ደህና ነው።"

"ውሸቱን ነው!" አሉ እትዬ ዘነበች ከወንበራቸው። "ግድግዳችን አንድ ነው። ሲገላበጥ አልጋው ሲንቋቋ እኔ ነኝ የምሰማው።"

እንዲህ ያለ ጎረቤት ያለው ሰው ካርድ ማውጣት አያስፈልገውም።

ፌቨን ወንበሯን ሳበች። "ስማኝ" አለች። "ሆዳችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ሁሉም ጠላት አይደሉም። የተጎዳ ሥጋ ሲጠገን እነሱም ከሩቅ እጃቸው ሊኖርበት እንደሚችል እየተጠና ነው። ብዙው የታየው በእንስሳት ላይ ስለሆነ እንደ ቁርጥ ነገር አልነግርህም። ጭንቀት ቁስልን እንደሚያዘገይ ግን ይታወቃል። የተጨነቀ ሰው ደግሞ ሆዱም አይረጋም። አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል።"

ጭንቅላት፣ ሆድ፣ እግር። ሦስቱም ባለ አንድ ግድግዳ ጎረቤቶች ናቸው አልኩ በልቤ። አንዱ ሲገላበጥ ሌላው አይተኛም። ስንኝ ልትሆን የምትችል ነገር ነበረች። ስልኬን ላወጣ እጄን ከሰደድኩ በኋላ፣ ባለፈው ስንኝ ስጽፍ ምን እንደደረሰብኝ አስታውሼ ተውኩት።

"ምን ትበላለህ?" አለች ፌቨን።

"እሱን ለኔ ተዪው!" እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ቆጮ አለ፣ ጎመን አለ፣ አይብ አለ። እርጎ በየቀኑ! በእጄ ነው የማበላው ማለት ትችያለሽ።"

ፌቨን ደስ አላት። "የኔ እናት፣ ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ! የቦካ ነገር፣ እርጎ፣ ቅጠል፤ ለሆድ እኔም ከዚህ የተሻለ አልመክርም ነበር።" ወደ እኔ ዞረች። "ታዲያ ለምን አልረዳህም? የምትወስደው መድኃኒት አለ?"

ስለ ካፕሱሉ ነገርኳት። ስንት ጊዜ እንደገዛሁም ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ማነው ያዘዘልህ?"

"መሳቢያዬ።"

"ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ላይ ነው እኮ የምትጠርገው! እናታችን ከላይ ይተክላሉ፣ አንተ ከሥር ትነቅላለህ።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። በዝምታማ ማን ይበልጠኛል? ግን እትዬ ዘነበችን ቀና ብዬ አየኋቸው። "እናታችን ይተክላሉ" ስትል ፊታቸው በርቷል። ያ ብርሃን ሆዴን ከካፕሱሉ ይበልጥ ቆረጠኝ።

"አልበላሁትም" አልኩ።

"ምኑን?"

"ምግቡን። ቡቺ ነው የበላው።"

"ቡቺ ማነው?" አለች ፌቨን።

መልሱን የሰጡት እትዬ ዘነበች ናቸው። "ውሻ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "የአከራዩ ውሻ።"

ድንጋጤ ክፉ ነው። ነገሩን ላለዝብ ብዬ የባሰውን ጨመርኩ። "እሱም እኮ እግሩ ተጎድቶ ነበር! አሁን ይሮጣል!"

ፌቨን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። "ከአንድ ውሻ ተነስቼ..." አለች፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ "...ምንም ማለት አልችልም።"

ከመጋረጃው ጀርባ ትከሻቸውን የሚያሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። "እርጎዋን ከየት ነው የሚያመጧት፣ እመቤቴ?" አሉ።

እትዬ ዘነበች አልሳቁም።

እጃቸውን ገለበጡና መዳፋቸውን አዩት። "እጄ ንጹሕ አይደለችም ብለህ ነው?" አሉኝ።

ከዚህ የሚብስ ቃል ካላችሁ ንገሩኝ።

"በፍጹም፣ እትዬ! እሱ አይደለም።"

"ታዲያ ምን አደረግኩህ?" ድምፃቸው ወረደ። የእትዬ ዘነበች ድምፅ ሲወርድ ሰምቼ አላውቅም። "እኔ እኮ ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ሆዴን ያቃጥለኛል። ዓይኔን ስከድን ያ ባጃጅ ይመጣል። ላንተ ስሠራ ብቻ ነው ቀለል የሚለኝ። እሱ እየበላ ከዳነ፣ እኔም ድኛለሁ ማለት ነው እል ነበር።"



አምስት ሳምንት ሙሉ የማስበው ስለ እኔ እግር፣ ስለ እኔ ሆድ፣ ስለ እኔ ኀፍረት ነበር። ዝምታዬ ሌላ ሰው ሆድ ውስጥም ገብቶ እንደተቀመጠ አላየሁም። ዓይኔ ስል ነው፣ ሁሉን ነገር አያለሁ ብዬ ግጥም የምጽፍ ሰውዬ!

"እትዬ" አልኩ። "ባጃጁ በእኛ በኩል አልመጣም።"

"ምን?"

"በማዶ ነው ያለፈው። ወደ እርስዎ አልመጣም። እኔም አልገፈተርኩዎትም። ስልኬን እያየሁ ቦይ ውስጥ ገባሁ፤ ክርኔ ነው የመታዎት።"

"ባጃጁ... በማዶ?"

"በማዶ።"

"ሊገጨኝ አልነበረም?"

"በጭራሽ። ሾፌሩ አላየንም እንኳን።"

ከመጋረጃው ጀርባ ትከሻ የሚያሠራው የላስቲክ ገመድ መሳቡ ቆመ። አዛውንቱም እየጠበቁ ነው።

እትዬ ዘነበች ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደቡም፣ አላለቀሱም። ከዚያ፣ ለኔም ለማንም ሳይሆን፣ እንዲሁ ጠየቁ፤

"ታዲያ እኔ አምስት ሳምንት ሙሉ ከማን ነው የሸሸሁት?"



ፌቨን እንደ ሐኪም ጉሮሮዋን ጠራረገች። ካፕሱሉን ዛሬውኑ አቁም አለችኝ። በሰዓቱ ብላ፣ በሰዓቱ ተኛ፣ እግርህ ላይ ሰው አታስደግፍ አለችኝ። እትዬንም ስለ ሆዳቸው የውስጥ ደዌ ሐኪም እንዲያዩ መከረቻቸው። "ወደ ስፔሻሊስት አሁን አልጽፍም። አንድ ሳምንት እሰጥሃለሁ" አለች። "አንድ ሸክም እዚህ ጥለህ ሄደሃል። እግርህ ይስማው አይስማው አብረን እናያለን።"

እንደምትድን እርግጠኛ ነኝ አላለችም። ወደድኳት።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ዘነበች ታክሲው ውስጥ ጋቢና ገቡ። እኔ መጨረሻ ወንበር። መንገዱን ሙሉ የማየው የነጠላቸውን ጥለት ብቻ ነበር።

አየር ጤና ወርደን አስፋልቱ ዳር ደረስን። እኔ በልማድ ክንዴን ዘረጋሁ።

ክንዴን አዩት።

ነጠላቸውን አጣፉ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። ሄዱ!

ብቻቸውን! ከዚያኛው በኩል አንድ ባጃጅ መጣ። መሀል መንገድ ላይ ቆሙና መዳፋቸውን አንስተው "ቁም!" አሉት። ቆመ። እኔም ብሆን እቆማለሁ። ፊቱን እያዩ፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ አለፉ።

እኔ ከነክራንቼ እዚህኛው ዳር ቀረሁ። የተዘረጋች ክንዴን የት እንደማስቀምጣት ጠፋኝ።

"ና እንጂ!" ብለው ጮኹ ከወዲያ። ድምፃቸው ተመልሷል። "ወይስ አንተም የሚገፈትርህ ሰው ትፈልጋለህ?"

ፌርማታ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ተሻገርኩ። ማንም ሳይደገፍብኝ ቀስ ብዬ ተሻገርኩ። ቀለለኝ ልበል? ሰው እናንተ ላይ ሲደገፍ ለምዳችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ሚዛን ያሳጣል።

ከዚያ ነው እንግዲህ ዋናው ውርደት የመጣው።

እትዬ ዘነበች በየበሩ ቆሙ። በየበሩ! ያን ታሪክ ሰፈር ሙሉ ያወሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ራሳቸው ማረም አለባቸዋ! እኔም እንደ ማስረጃ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

"አላዳነኝም! ስልክ እያየ ነው የገባው!"

"ውይ! ባጃጁስ?"

"በማዶ ነው ያለፈው! ጠይቁት፣ ይኸው!"

"በማዶ ነው" እላለሁ አንገቴን ደፍቼ።

በመጀመሪያው በር ተቆጥተው ነገሩ። በሁለተኛው በር የቡቺን ጨመሩ። በሦስተኛው በር መሀል ላይ ሳቅ አመለጣቸው። በአራተኛው በር ግን ከሳቃቸው ብዛት ግድግዳ ይዘው ነው የጨረሱት። "እግሩ ቦይ ውስጥ ሆኖ ምንም አይደል አለኝ እኮ!" ይላሉ።

ሲስቁ ያየኋቸው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ቆሜ ተሳቀብኝ፣ አላማረርኩም።

አመሻሹ ላይ በሬ ተንኳኳ። ያው ሳህን። ዛሬ ግን ሳህኑን ሰጥተውኝ አልሄዱም። ወንበር ስበው ፊቴ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ።

"እያየሁህ ትበላለህ" አሉኝ።

"እርስዎስ፣ እትዬ?"

"እኔስ! አብሬህ እበላለሁ እንጂ። ለማን ልተወው፣ ለውሻው?"

በላን። ግማሽ ያህሉን እሳቸው በሉት። እኔም ከአምስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ጉርሻ ዋጥኩ። ሦስተኛውንም። ጉሮሮዬ ላይ የቆመ ነገር አልነበረም።

እግሬ ይድን አይድን ገና አላውቅም። ሥራዬን አገኝ አላገኝም እንደዚያው። ሆዴ አሁንም ትንሽ ያጉረመርማል፤ በአንድ ቀን ይቅርታ የሚያደርግልኝ አልመሰለኝም። ስለዚህ "ጀግናችን" ያላችሁኝ፣ ቃላችሁን መልሳችሁ ውሰዱ። ኢሞጂዋንም ጭምር።

አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃችሁና ልተኛ። እናንተ ሆዳችሁን ሲነፋችሁ መጀመሪያ የምታንኳኩት የማንን በር ነው? እኔ ሁለት ጊዜ ፋርማሲ ተመላለስኩ፣ በክራንች፣ አንዴ እንዲያውም በዝናብ። መድኃኒቴ ከግድግዳው ወዲያ እንደኔው እንቅልፍ አጥተው ሲገላበጡ እየሰማሁ!